የሐረር ጅቦች፦ ልታዩአቸው ከመሄዳችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

ቪዲዮውን አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል። ጊዜው ማታ ነው፤ የባጃጅ መብራት በርቷል። አንድ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ በጥርሱ የያዘው እንጨት ጫፍ ላይ ሥጋ አንጠልጥሏል። ጅቡ ከጨለማው ወጥቶ ይጠጋል፣ ሥጋውን ቀስ ብሎ ይወስዳል፣ ይሄዳል። ከሥር ኮሜንት የሚጽፈው ሰው ግማሹ «ለማዳ ነው» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ አስማት ነው ብሎ ይምላል።

ሁለቱም ልክ አይደሉም። የሐረር ጅብ የዱር ጅብ ነው። ማንም አላሰረውም፣ ማንም አላሳደገውም፣ ደስ ካላለው በዚያ ማታ አይመጣም። ሰውና ጅብ እንዲህ ተቀራርበው የሚውሉት (ማለትም የሚያመሹት!) በከተማው ውስጥ ለረጅም ዘመን የቆየ መግባባት ስላለ ነው። ያንን መግባባት ደግሞ ለአንድ ማታ የሚመጣ እንግዳ ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ሐረር የምትሄዱ ካላችሁ፣ ስለ እንስሳው፣ ስለ ከተማውና ስለ አመለካከቱ ሥርዓት ማወቅ ያለባችሁን እዚህ ሰብስበንላችኋል። ሴቭ አድርጉት፣ መንገድ ላይ ታነቡታላችሁ።

◾ መጀመሪያ፣ የትኛው ጅብ ነው?

በዓለም ላይ ያሉት የጅብ ዝርያዎች አራት ብቻ ናቸው። በሐረር የምታዩት ነጠብጣቡ ጅብ ነው፤ ከአራቱ ትልቁ እሱ ነው። መልኩ ውሻ ይምሰል እንጂ በዘር ሐረጉ ከውሻ ይልቅ ለድመት ይቀርባል።

ያደገ ነጠብጣብ ጅብ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል። ከባዷ ሴቷ ናት። አለቃዋም እሷው ናት፤ የጅብ መንጋ የሚመራው በሴቶች ነው። ልጅ የእናቷን ደረጃ ተከትላ ትይዛለች። ወንዶቹ ሲያድጉ አብዛኞቹ የተወለዱበትን መንጋ ትተው ወደ ሌላ ይሄዳሉ፤ እዚያም ከታች ይጀምራሉ። ስለዚህ ሥጋ ሲሰጥ ቀድማ የምትበላውን ትልቋን ጅብ «አያ ጅቦ» ብላችሁ ከጠራችኋት ተሳስታችኋል፤ እሜቴ ናት።

ጅብ ወንድም ሴትም ነው የሚል ወሬ በብዙ አገር አለ። የወሬው ምክንያት የሴቷ ብልት ከውጭ ሲታይ ከወንዱ ጋር በጣም መመሳሰሉ ነው። ባለሙያ እንኳ በሩቁ ለመለየት ይቸገራል።

ግልገሎቹ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሆነው ይወለዳሉ። ሲወለዱ ዓይናቸው የተከፈተ፣ ጥርሳቸው የበቀለ ነው። ቀለማቸው ጥቁር ነው፤ ነጠብጣቡ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ይጠባሉ። የእያንዳንዱ ጅብ ነጠብጣብ እንደ ጣት አሻራ የተለያየ ስለሆነ፣ በየማታው የሚያያቸው ሰው አንዱን ከሌላው ይለያል።

«ጅብ እስኪነክስ ያነክስ» የሚባለውንስ ሰምታችኋል? ጅብ አያነክስም። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፤ ሲራመድ የሚያነክስ የሚመስለው ለዚህ ነው። ቀሪው የተረቱ ክፍል ግን እውነት ነው፤ ይነክሳል። መንጋጋው ትልልቅ አጥንት ይሰብራል፣ ሆዱም አጥንቱን ይፈጫል። ኩሱ ሲደርቅ ነጭ የሚሆነው ከአጥንቱ በሚገኘው ካልሲየም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እናስተካክል። ጅብ የሞተ ብቻ የሚበላ፣ የአንበሳ ትራፊ ለቃሚ ነው የሚባለው ሙሉ እውነት አይደለም። ነጠብጣብ ጅብ በዱር ሲኖር ጎበዝ አዳኝ ነው፤ ብዙውን ምግቡን ራሱ ገድሎ ይበላል። ከተማ ሲጠጋ ግን ቀላሉን ይመርጣል፤ ቀላሉ ደግሞ እኛ የጣልነው ነው።

◾ ከተማው ውስጥ እንዴት ገባ?

ሐረር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 525 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ጀጎል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በመዝገቡ መሠረት በውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መቃብሮች አሉ፤ ከመስጊዶቹ ሦስቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። በአካባቢው ታሪክ ግንቡን የማሠራቱ ክብር የሚሰጠው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለገዙት ለአሚር ኑር ነው።

ጀጎል ከጥንት ጀምሮ አምስት በሮች አሉት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር እና ፈላና በር። ለመኪና የተከፈተው ሐረር በር ከእነሱ በኋላ የመጣ ነው። ከእነዚህ ሌላ በግንቡ ግርጌ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ጅብ በሐረሪ ቋንቋ «ወራባ» ነው፤ ቀዳዳዎቹም «ወራባ ኑዱል» ይባላሉ፣ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ውሃም ይወርድባቸዋል፣ ጅብም ይመላለስባቸዋል። ማታ ሰው በሩን ሲዘጋ ጅቦቹ ገብተው በጠባቦቹ መንገዶች ይዘዋወራሉ፤ አጥንቱን፣ ትራፊውን፣ የተጣለውን ሁሉ ጠራርገው ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ።

በሌላው የአገራችን ክፍል ጅብ ሲመጣ ውሻ ይለቀቃል፣ ድንጋይ ይወረወራል። በጀጎል ውስጥ ያደገ ሰው ግን ማታ ከጅብ ጋር መንገድ ላይ ቢተላለፍ ጠርዝ ይዞ ያልፋል፤ ጅቡም እንደዚያው። በከተማው ያለው እምነት ለዚህ አስተዋጽኦ አለው። ጅቦቹ በከተማው የሚዞሩ ክፉ ጂኒዎችን ይበላሉ፣ ያባርራሉ ይባላል። አንዳንዶች ጅቡን በስሙ ከመጥራት «ደርማ ሼህ» ይሉታል፤ ወጣት ሊቅ እንደማለት ነው። በስድብ የምናውቀው እንስሳ እዚህ የአክብሮት ስም አለው።

ይህን ግንኙነት በጥልቀት ካጠኑት አንዱ አውስትራሊያዊው አንትሮፖሎጂስት ማርከስ ቤይንስ-ሮክ ነው። ሐረር ተቀምጦ ማታ ማታ ጅቦቹን በየመንገዱ እየተከተለ ያየውን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2015 በመጽሐፍ አሳትሟል።

◾ የአሹራ ገንፎ

በእስልምና የዘመን አቆጣጠር የመጀመሪያው ወር ሙሐረም ነው። በአሥረኛው ቀን የሚውለው አሹራ በሐረር ለጅብም ድርሻ አለው። ገንፎ ተገንፍቶ፣ ቅቤ ተደርጎበት ከግንቡ ውጭ ለጅቦች ይቀርባል። ሰዉ ራቅ ብሎ ይመለከታል፦ ቀድሞ የሚቀምሰው የትኛው ነው? ምን ያህል በላ? ምን ያህል ተረፈ? ከአበላላቸው በመነሳት መጪው ዓመት ጥጋብ ይሁን ችግር ይተነበያል።

አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። በአንድ ክፉ የረሃብ ዘመን ጅቦች ሰው ማጥቃት ጀመሩ። የከተማው ሰዎች መክረው ገንፎ ሠርተው ሰጧቸው፤ ከዚያ ወዲህ ስምምነት ሆነ። ታሪኩ በየአፉ ትንሽ ትንሽ ይለያያል፤ ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ነው። ጅቡ የራበው እንደሆነ ከተማው ሰላም አያድርም። እዚህ ላይ ተረትና ሳይንስ እንዴት እንደሚገናኙ ወደ ታች ታያላችሁ።

◾ የማታው ማብላትስ?

አሁን በቪዲዮ የምናየው፣ በየማታው በእንግዳ ፊት የሚደረገው ማብላት ከአሹራው ሥርዓት ጋር አንድ አይደለም። እሱ የመጣው ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። በዓለም ሚዲያ ስማቸው በብዛት የተነሳው አቶ ዩሱፍ ሙሜ ናቸው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ጅብ ሲያበሉ ኖረው ሥራውን ለልጃቸው ለአባስ አስተላልፈዋል።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። አብዪው ከሥጋ ቤት ያመጣውን ትራፊ በዘንቢል ይዞ ይቀመጣል፣ ጅቦቹን በስማቸው ይጠራል። እነሱም ወዲያው አይመጡም፤ መጀመሪያ ከጨለማው ሆነው ያያሉ፣ ዙሪያውን ይዞራሉ፣ አዲስ ሰው ካለ ያጠናሉ። የምትፈራዋ የትኛዋ እንደሆነች፣ የምትቀማዋ የትኛዋ እንደሆነች፣ ከማን ጎን ማን መቆም እንደሌለበት አብዪው ያውቃል። እናንተ የምታዩት አምስት ደቂቃ ነው፤ ከኋላው የብዙ ዓመት ማታ አለ።

እና ለማዳ ናቸው? አይደሉም። እንስሳ ለማዳ የሚባለው በሰው እጅ ሲወለድ፣ ሲረባ፣ ሲያድር ነው። እነዚህ ጅቦች ዋሻቸው ከከተማው ውጭ ነው፣ የራሳቸው መንጋና ድንበር አላቸው፣ ከሌላ መንጋ ጋር ይጣላሉ። ሰው ለምደዋል ብንል ይሻላል። ያውም የለመዱት አንድን ሰው፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እዚህ ደግሞ እንግዶቹ እኛ ነን፣ ቁርበት አንጥፉልን የምንለውም እኛ ነን።

◾ ለከተማው ምን ይጠቅማል?

እዚህ ላይ ወደ መቀሌ እንሂድ፤ ቁጥሩ ያለው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ አንድ ጥናት ተመራማሪዎች በመቀሌ ዙሪያ ያሉ ጅቦች በዓመት ወደ 207 ቶን የሚጠጋ የእንስሳት ሬሳና ትራፊ እንደሚያስወግዱ አስልተዋል። ይህ ሁሉ ሜዳ ላይ ቢበሰብስ እንደ አባ ሰንጋ ያሉ በሽታዎች ወደ ከብትም ወደ ሰውም ይዛመታሉ። ጅቡ ደመወዝ የማይጠይቅ የጽዳት ሠራተኛ ነው።

ሌላኛው ጥናትም ከትግራይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ነው። ተመራማሪዎቹ የጅብ ኩስ ሰብስበው፣ ውስጡ ያለውን ፀጉር እያዩ ምን እንደበላ መረመሩ። በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ሰው ሥጋ ሲያቆም፣ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ፣ ለጅብ የሚተርፍ ነገር ይጠፋል። ያኔ ጅቦቹ ምን አደረጉ? አህያ ማደን ጨመሩ። ጾሙ ሲፈታ ወደ ትራፊያቸው ተመለሱ።

አሁን የአሹራውን ገንፎ አስታውሱ። የሐረር አባቶች በተረት ያቆዩልን ነገርና ተመራማሪዎቹ ከኩስ ያነበቡት ነገር ይገናኛል፦ ጅብ ከሰው ጋር የሚኖረው በሚያገኘው ምግብ ልክ ነው። ምግቡ ሲጎድል ወይም ቦታው ሲቀየር ጠባዩም ይቀየራል። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ቪዲዮ ቀርጾ የሄደው እንግዳ አይደለም። የከተማ ዳር ገበሬው አህያውን ያጣል፤ ማታ ውሃ ቀድታ የምትመለሰው ልጅ ስጋት ላይ ትወድቃለች። በአገራችን በተለያዩ ቦታዎች ጅብ ሰው ጎዳ የሚል ዜና አሁንም እናነባለን።

◾ ሌላው ዓለም የዱር እንስሳ እንዴት ያያል?

ለንጽጽር እስከ ዓለም ጫፍ እንሂድ። ብዙ ገንዘብ ከፍሎ በመርከብ ወደ ዋልታ የሚጓዝ ቱሪስት አለ። ከመርከቡ ላይ ቆሞ ዓሣ ነባሪ፣ ፔንግዊን፣ ነጭ ድብ ያያል። ያ ሁሉ ገንዘብ ተከፍሎም እንስሳው አጠገብ መሄድ አይቻልም።

በኖርዌይ ሥር ባሉት ስቫልባርድ በተባሉ የበረዶ ደሴቶች፣ ከእ.ኤ.አ. ጥር 2025 ጀምሮ ወደ ነጭ ድብ ከ300 ሜትር በላይ መጠጋት በሕግ ተከልክሏል፤ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ሰኔ መጨረሻ ደግሞ ርቀቱ ወደ 500 ሜትር ከፍ ይላል። በአንታርክቲካ አስጎብኚዎች ከፔንግዊን ቢያንስ 5 ሜትር እንዲራቅ ያስገድዳሉ። በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ ጎብኚ አይወርድም፤ ከ500 በላይ መንገደኛ የጫነ መርከብ ደግሞ ማንንም አያወርድም። መመገብማ ጭራሽ አይታሰብም።

ሐረር ተቃራኒው ነው። እዚህ ማብላቱ ራሱ ባህል ነው፣ ርቀቱም አንድ ክንድ ነው። እኛ ሐረር እንደ ስቫልባርድ ትሁን አንልም። ግን እዚያ መርከቡና ሕጉ የሚሠሩትን ሥራ እዚህ የሚሠራው አብዪው ብቻውን ነው። ቃሉን አለመስማት ማለት ከመርከብ ዘሎ በረዶው ላይ እንደመውረድ ነው።

◾ ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ

▪️ መንገድ፦ በአውሮፕላን ከሆነ ድሬዳዋ ወርዳችሁ፣ ከዚያ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይበቃል። ማብላቱ ያለበትን ቦታ ማንኛውም የባጃጅ ሹፌር ያውቃል። የመመለሻውንም ዋጋ አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ እንዲጠብቃችሁም ንገሩት፤ ማታ በእግር መመለስ አይመከርም።

▪️ ሰዓት፦ ከመሸ በኋላ፣ ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ። ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ጅቦቹ ከጨለማው ሲወጡ፣ ሲያጠኑ፣ ማን ማንን እንደሚያስቀድም ማየት ከማብላቱ እኩል ደስ ይላል።

▪️ ዋጋ፦ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ተስማሙ፣ ከዚያ ቅረጹ። ይህ ሰው የሚኖርበት ሥራ ነው።

▪️ ፍላሽ አጥፉ፦ የጅብ ዓይን ለጨለማ የተሠራ ነው፤ ፊቱ ላይ ድንገት የሚበራ ብርሃን ያጥበረብረዋል። ያለው የመኪና ወይም የባጃጅ መብራት ይበቃችኋል። ስልካችሁን ናይት ሞድ ላይ አድርጉ፣ ሁለት እጃችሁን ጎናችሁ ላይ ደግፋችሁ ያዙ፣ ጅቡ ቆም ሲል አንሱ። መብራቱ ከጀርባችሁ ይሁን፤ ያኔ ዓይኑ ሲያበራ ታገኙታላችሁ።

▪️ ለማብላት ከተጋበዛችሁ፦ ተቀመጡ ሲላችሁ ተቀመጡ፣ አትነሱ፣ እንጨቱን አትንጠቁ። ሥጋውን ለማሾፍ ወደ ኋላ መሳብ የለም። ቪዲዮ ላይ የሚያስቅ ይመስላል፤ ጅቡ ግን የሚያውቀው ቀማኸኝ የሚለውን ብቻ ነው።

▪️ አትንኩ፦ «ለስላሳ ይሆን?» ብሎ ጀርባውን መዳሰስ የለም። አብዪው ሲነካ ስላያችሁ እናንተም ትችላላችሁ ማለት አይደለም።

▪️ ምግብ ይዛችሁ አትሂዱ፦ በኪስ ቆሎም ይሁን በላስቲክ ሥጋ። ከማብላቱ ቦታ ውጭ፣ ሆቴል ደጅ ወይም መንገድ ላይ ለጅብ ምንም አትጣሉ። እዚያ የለመደ ጅብ ነገ ከሌላ ሰው እጅ ይፈልጋል።

▪️ ልጅ ካለ፦ እጁን ያዙ፣ መሃል ይሁን፣ አይሩጥ። ውሻ ይዞ መሄድ ፈጽሞ አይታሰብም።

▪️ ድምፅ፦ ጅብ «ሳቀ» ሲባል ደስ ብሎት አይደለም። ያ ቀጭን የሚቆራረጥ ድምፅ ሲጨነቅ፣ ሲባረር ወይም በምግብ ሲጣላ የሚያሰማው ነው። ሰምታችሁ አብራችሁ አትሳቁ፤ ዝም በሉ። ረጅሙ፣ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ጩኸት ደግሞ ለመንጋው የሚልከው መልእክት ነው፤ ኪሎ ሜትሮች አልፎ ይሰማል።

◾ መንገድ ላይ ብትገናኙስ?

በጀጎል ውስጥ ማታ መገናኘት ሊኖር ይችላል። አትሩጡ፤ የሚሮጥ ነገር መከተል የአዳኝ ጠባይ ነው። አትክበቡት፣ መውጫ መንገዱን አትዝጉበት። ጠርዝ ይዛችሁ ቁሙ፣ ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጉ፣ ያልፋል። ካላለፈ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ከግንቡ ውጭ፣ በተለይ በገጠር መንገድ፣ ብቻችሁን ማታ አትጓዙ። የሐረርን ልምድ ይዞ ሌላ አገር ጅብ መጠጋት ደግሞ ሞኝነት ነው። የደብረ ብርሃን ጅብ፣ የአዲስ አበባ ጫካ ጅብ ከእናንተ ጋር ምንም ስምምነት የለውም።

◾ ቢነክስ ወይም ቢቧጭርስ?

ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ብቻ አይመጣም፤ ጅብም ሊያስተላልፍ ይችላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት ግን ክትባት ያድናል። ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ በዚያው ማታ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። እስኪነጋ አትጠብቁ።

◾ ስትለጥፉት

የመጨረሻው የእናንተ ድርሻ ካፕሽኑ ነው። «ለማዳ ጅብ» ብላችሁ ስትጽፉ፣ ሌላ ከተማ ያለ ልጅ አንብቦ ሰፈሩ ላለው ጅብ አጥንት ይዞ ሊወጣ ይችላል። ሁለት ቃል ጨምሩ፦ «የዱር ጅብ»፣ «ከአብዪው ጋር»። ቦታውንና ባህሉን ጥቀሱ። ሐረር ሄዳችሁ ያያችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ስንት ጅብ እንደመጣ፣ ቀድማ የበላችው የትኛዋ እንደነበረች፣ ወራባ ኑዱሉን በየትኛው በር አጠገብ እንዳያችሁት ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ለመሄድ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁም ከመሳፈሩ በፊት ሼር አድርጉለት።